አቧራ ነው የማይለው ሰው

ዕቃ ሊያሠራ የሄደ ሰው ሳይሰደብ የሚመለስበት ከተማ ካለ፣ ያ ከተማ ገና ከተማ ለመባል ብዙ ይቀረዋል። ደህና ከተማ ሁሉ አንድ ተቆጪ ጠጋኝ አለው። ታውቁታላችሁ። በሬዲዮ ዘመን ሬዲዮ ይጠግን ነበር፤ በቴሌቪዥን ዘመን ቴሌቪዥን፤ አሁን ላፕቶፕ ይጠግናል። ዕቃው ይለዋወጣል እንጂ ሰውየው ያው ነው። ሰላምታችሁን በግማሽ ይመልስና ዕቃችሁን በሁለት እጁ ይቀበላል። ከዚያ ዕቃውን በሐዘን፣ እናንተን በጥላቻ ያያል። «ማነው እንዲህ ያደረገው?» ይላል። እናንተ ናችሁ። እሱም ያውቃል፤ ግን ከአፋችሁ መስማት አለበት።

የባሕር ዳሩ ኑርሑሴን ይባላል።

ሱቁ ግሽ አባይ ሰፈር ነው፤ ከአንድ ጫማ ቤትና ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት መካከል የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ የሚሰደብባት ጠባብ ሱቅ። ከተማው እንደየአቅሙ ማዕረግ ሰጥቶታል። ባንክ የሚሠሩት «ዶክተር» ይሉታል፤ ባጃጅ ነጂዎቹ «ዐቃቤ ሕጉ» ይሉታል፤ ተሰድበው የወጡት የሚሉት ደግሞ እዚህ አይጻፍም። በሩ ላይ በገዛ እጁ የጻፈው ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «ዝም ብሎ ነው የተበላሸው ብሎ መግባት ክልክል ነው።»

ይህን የጻፈው በክፋት አይደለም፤ በግፍ ብዛት ነው። አንድ የመሸንቲ ነጋዴ ስልኩ ውሃ ውስጥ ወደቀበት። ሩዝ ውስጥ ቅበረው አሉት። ቤቱ ሩዝ ስላልነበረ ጤፍ ውስጥ ቀበረው፤ ሦስት ቀን ሙሉ። ኑርሑሴን ከቻርጀሩ ቀዳዳ ጤፍ በመርፌ ሲለቅም አረፈደ።

«ማኛ ነው ሰርገኛ?» አለው።

ሰውየው የምር መስሎት «ማኛ ነው» ብሎ መለሰ።

«እንግዲያው ሦስት ቀን ስጠኝ፤ አቡክቼ ልመልስልህ።»

አንዲት የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ደግሞ አቧራ እንዳይገባበት ብላ የላፕቶፗን መተንፈሻ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋ፣ «ለምን ይግላል?» ብላ መጣች። ኑርሑሴን ፕላስተሩን ከመሳቢያው አውጥቶ፣ አንድ ጣት የሚያህል ቆርጦ፣ «አፍንጫዎን ወዲህ ያምጡት፤ ጉንፋን እንዳይገባብዎት» አላት። አንድ መምህር ላፕቶፑን ጋቢ ላይ አስቀምጦ አልጋ ውስጥ ሲሠራበት ከርሞ ቢመጣ፣ ገና ሳይከፍተው ከመተንፈሻው የነጭ ጥጥ ክር መዘዘ። «ይህ ጋቢ ለእርስዎ ነው የተሸመነ። እሱን አይበርደውም።»

የደንበኛ ነገር ግን ለኑርሑሴን የዕለት ቁጣ ነው። የዕድሜ ልክ ቁጣው አቧራ ነው።

ከእሱ ሱቅ አራት በር ወረድ ብሎ ገድሉ የሚባል ጠጋኝ አለ። ገድሉ መልካም ሰው ነው፤ ሳቂታ ነው፤ ለዕቃ ሁሉ አንድ በሽታና አንድ መድኃኒት አለው። በሽታው አቧራ ነው፤ መድኃኒቱ መንፊያ። ስክሪኑ ተሰንጥቆ ብትወስዱለትም መጀመሪያ ይነፋዋል። ኑርሑሴን ከዚህ ሰው ጋር ሰላምታ እንኳ ካቋረጠ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። «አቧራ ማለት፣ አላውቅም ለማለት ያፈረ ሰው የሚላት ቃል ናት» ይላል። «እዚህ ቤት እሷን ቃል ያነሣ፣ በሩ ያውና።» ሌላም አባባል አለው፤ በቀን አሥር ጊዜ ይላታል፦ «ማሽን አይዋሽም። ሰው ነው የሚዋሽ።»

እንዲህ ካለው ሰው ዘንድ ነው ሚስጥር በየካቲት አንድ ሐሙስ ጠዋት ጥርሷን ነክሳ የገባችው።

ሚስጥር የሹም አቦ ሰፈር ልጅ ናት፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሒሳብ ታስተምራለች፤ እሷም ብትሆን ለቁጣ የምትሰንፍ አይደለችም። የእናቷ ታላቅ ወንድም መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ፣ ጣና ውስጥ ሴት በማትገባበት አንድ ደሴት ድጓ ሲያስተምሩ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። እሳቸው ካልመጡ እሷ አትሄድም። የሚመጡት ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዓይናቸውን ለመታየት ነው። ከመምህራቸው አፍ የተቀበሉት፣ አሁን በዚያ አካባቢ ከእሳቸው በቀር እንደዚያ አድርጎ የሚለው ያልተረፈ አንድ የዜማ አካሄድ አለ። ምልክቱ በመጽሐፉ ላይ አለ፤ እንዴት እንደሚባል ግን ያለው እሳቸው ጉሮሮ ውስጥ ነው።

ሚስጥር ይህን ጉሮሮ ልትቀዳ ዓምና በስልኳ ሞክራ ነበር። መሪጌታው ዜማው አፋፍ ላይ ሲደርሱ «ሎተሪ ደርሶዎታል» የሚል ሰው ደወለና ቅጂው ተቆረጠ። የኔታ መቋሚያቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ «ይህ ዕቃ ባለበት ቤት ከእንግዲህ ድምፄን አላወጣም» አሉ። እሳቸው አሉ ማለት አሉ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ቆጥባ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕና አንድ ደህና ማይክ ገዛች። ዘንድሮ ረቡዕ የኔታ መጡ። እግራቸውን ከጀልባ ሲያወርዱ የመጀመሪያ ቃላቸው፣ «ጉልበቴም ዓይኔም ከውሃው ተጣልተዋል፤ ቅዳሜ ጠዋት እሻገራለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አልመጣም» የሚል ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት ማይኩን ሰካች። ላፕቶፑን ከፈተች። ፋኑ ተነሣ፤ ወፍጮ ቤት አጠገብ የተከራየ ሰው በሚያውቀው አኳኋን ተነሣ። የኔታ እጃቸውን መቋሚያቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት ደቂቃ አለፈ።

«የኔታ፣ ይጀምሩ እንጂ።»

«ይጨርስ እንጂ ልጄ።»

«ማን?»

«ይህ የሚያጉረመርመው። ሌላው ሲናገር ጣልቃ አይገባም።»

ኋላ ተለምነው ጥቂት አሉ፤ ግን ቅጂው ሲሰማ የኔታ እህል ሊያስፈጩ ሄደው እዚያው የተቀኙ ይመስላል። ያውም ላፕቶፑ እየተጎተተ በየመካከሉ ድምፃቸውን ይውጠዋል።

ሚስጥር በዚያው ሰዓት ወደ ገድሉ ሮጠች። ገድሉ ገና ከሩቅ ሲያያት «አቧራ ነው» አለ። ነፋው። ፋኑ ጮኸ። «ግትር አቧራ ነው» ብሎ ደግሞ ነፋው። በመጨረሻ ፋኑን ራሱን በሌላ ቀየረው፤ አዲሱ ፋን ጎረምሳ ስለሆነ ከፊተኛው ይበልጥ ጮኸ። ሚስጥር አመስግና ወጣች፤ ባጃጅ ውስጥ ግን የተናገረችውን ነጂው እስካሁን ለሰው ያወራል።

ሐሙስ ጠዋት እንግዲህ ዐቃቤ ሕጉ ፊት ቀረበች። ማስታወቂያውን አንብባ ነበርና ቃሏን መርጣ፣ «ጋሽ ኑርሑሴን፣ ፋኑ ዝም አይልም» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ሳምንት ይሆነዋል።»

«ማን ነካው?»

«ጋሽ ገድሉ።»

«አቧራ ነው አለሽ።»

ሚስጥር በሩን አየች።

«አትፍሪ፤ ቃሉን ያነሣሁት እኔ ነኝ» አለ ኑርሑሴን። ለእሱ ይህ ቀልድ ነበር። አልሳቀችም።

ላፕቶፑን አበራው። ጮኸ። ኑርሑሴን መዳፉን ከሥሩ አስገብቶ፣ የሕፃን ግንባር እንደሚዳስስ ሰው ጠበቀ። ከዚያ «እጅሽን አምጪ» አላት።

«ይሞቃል?»

«አይሞቅም» አለች። እሷም ገረማት። «ቀዝቃዛ ነው።»

«ቀዝቃዛ ነው። ታዲያ ምን ያስጮኸዋል?» የጮኸችው ራሷ ሚስጥር ናት በሚያሰኝ ዓይን አያት። «ቦርዱ ላይ ሙቀት የሚለኩ ጥቃቅን ዕቃዎች አሉ። ሴንሰር በያቸው። አንዱ መልስ አይሰጥም። ቦርዱ ሙቀቱ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ዝም። ደግሞ ይጠይቃል፤ ዝም። ያን ጊዜ ተቃጥያለሁ ማለት ነው ብሎ ፋኑን እስከ ጥግ ይለቀዋል፤ ሥራውንም ያዘገያል። ሞቆ አይደለም የሚጮኸው። መሞቅ አለመሞቁን የሚነግረው አጥቶ ነው። ይህን ነው እንግዲህ አራት በር ወዲያ ያለው ሰው የነፋው።»

ሚስጥር እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ሌላ ነገር እዚያው ሱቅ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ አየች። ግን ዕቃዋ በእጁ ስለሆነ አልተናገረችም።

ኑርሑሴን ላፕቶፑን ፈታታው፤ ቦርዱን አወጣ፤ ማይክሮስኮፑ ሥር አድርጎ ጎነበሰ። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ እንኳ አንገቷን ታወጣለች። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል።

«ምን አጠጣሽው?»

«ምንም።»

«ምን አጠጣሽው ነው የምልሽ።»

እዚህ ላይ እውነቱን እኔ ልናገር፤ ሚስጥር አትናገርም። ነገሩን ያደረጉት እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ናቸው። ላፕቶፑ ያገለገለ ዕቃ መሆኑን የሰሙ ዕለት፣ የማን ዓይን እንዳረፈበት አይታወቅም ብለው፣ ጠዋት ጠዋት ቤቱን ጠበል ሲረጩ እሱንም እንደተከፈተ ረጨት ያደርጉት ጀመር። በሳምንቱ ፋኑ ጮኸ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ግን ጠበል ቦታ ኖረው ያደጉ ሴት ናቸው፤ ርኩስ መንፈስ የሚጮኸው ሊለቅ ሲል መሆኑን ያውቃሉ። ስለዚህ ጨመሩለት። በጨመሩለት ቁጥር ጩኸቱ በረታ፤ ጩኸቱ በበረታ ቁጥር፣ ሊወጣ ነው ብለው መጠኑን ከፍ አደረጉት።

ሚስጥር ይህን ያወቀችው ረቡዕ ማታ ነው። ታዲያ ምን ብላ ትናገር? ጠበል አበላሸው የሚል ቃል ከየት አፍ ይወጣል? ያውም ግሽ አባይ ላይ፣ ወሬ ከባጃጅ ቀድሞ ሹም አቦ በሚገባበት አገር። እናቷ ቢሰሙ የወንድማቸውን ዜማ የከለከልሁት እኔ ነኝ ብለው አልጋ ይይዛሉ።

«ምንም አላጠጣሁትም» አለች።

«ሻይ?»

«አይደለም።»

«ለስላሳ?»

«አይደለም አልሁ እኮ።»

«ነይ፣ እይ።» ማይክሮስኮፑን አዞረላት። ቦርዱ ላይ እንደ አመዳይ ያለ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ተበትኗል። «የተደፋ ነገር ጅረት ነው፤ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ይህ ካፊያ ነው። የተረጨ ነው። ያውም የአንድ ቀን አይደለም፤ ይህኛው የቆየ፣ ይህኛው የትናንት። ምን ዓይነት ሰው ነው ላፕቶፕ እየተነሣ ጠዋት ጠዋት የሚረጭ? ጎመን መስሎት ነው?»

ሚስጥር ጆሮዋ ድረስ ጋለች። «ዕቃዬን ይሠሩልኝ ዘንድ ነው የመጣሁ፤ ልመረመር አይደለም።»

«የነካውን ሳላውቅ እጄን አልሰድም። ስኳር ያለው ከሆነ የሚጸዳበት ሌላ ነው፤ ጨው ያለው ከሆነ ሌላ። አፉን ዘግቶ የመጣ በሽተኛ አላክምም። ማሽን አይዋሽም። ሰው ነው የሚዋሽ። ሂጂ፤ ትዝ ሲልሽ ተመለሺ።»

«ነገ ዓርብ ነው።»

«ዓርብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከሰላት በፊት ነይ።»

ሚስጥር ወጣች። ከግሽ አባይ እስከ ሹም አቦ ድረስ ባጃጅ ውስጥ ሆና ለኑርሑሴን የምትመልስለትን መልስ አሳመረች፤ ቤቷ ስትደርስ ሰውየው በሐሳቧ ሦስት ጊዜ ተዋርዶ፣ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠይቆ፣ አንድ ጊዜ ሱቁን ዘግቶ ነበር። በር ላይ የኔታ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል።

«ጨረሰ?» አሏት።

«አልጨረሰም፣ የኔታ።»

«ብዙ የሚናገረው አለው እንግዲህ።» ዓይናቸው እምብዛም አያይምና የተቆጣ ፊቷን አላዩትም። «እኔ ግን ቅዳሜ ነኝ።»

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ከውስጥ ሰምተው ብቅ አሉ። «ሰውየው ምን አለሽ? እኔስ ለቀቀ ብዬ ነበር። ትናንት ድምፁ እንዴት እንደ በረታ አልሰማሽም?»

ሚስጥር ጓዳ ገብታ ባዶ ድስት አጠበች።

ዓርብ ጠዋት ከጭንቁ የሚያወጣት አንድ ውሸት ይዛ ሄደች። «ትዝ አለኝ፤ ዝናብ ነው» አለች። «ጣሪያው ያፈሳል።»

ኑርሑሴን ከቦርድ ላይ ቀና ሳይል፣ «በየካቲት?» አለ።

«እንግዲያው የሐይቁ እርጥበት ይሆናል።»

«ጣና ሹም አቦ ድረስ በእግሩ መጥቶ፣ አንኳኩቶ፣ ገብቶ፣ ላፕቶፕሽን ረጭቶ ተመለሰ?»

«ምን ያገባዎታል?»

«ዕቃው እጄ ላይ ነው፤ ያገባኛል። ሰው ዕቃውን ይገድልና እኔ ፊት መጥቶ ንጹሕ ነኝ ይላል። ሃያ ዓመት ሰማሁት። ሰለቸኝ። ይዘሽው ሂጂ፤ ገድሉ ይንፋው።»

ያን ጊዜ በሚስጥር ውስጥ ከረቡዕ ጀምሮ ሲጠራቀም የነበረው ሁሉ ተነሣ።

«ጠበል ነው» አለች፤ ጮኻ ነው ያለችው። «ጠበል ነው፤ ይብቃዎት። እናቴ ናት። በጮኸ ቁጥር ሊለቅ ነው ብላ ትረጨዋለች፤ በረጨችው ቁጥር ይጮኻል። ነገ ጠዋት የኔታ ይሻገራሉ። ከእንግዲህ አይመጡም፤ እኔ ሴት ነኝ፣ እሳቸው ዘንድ አልገባም። ያ ዜማ ከእሳቸው ጋር መሬት ሊገባ ነው፤ እርስዎ ግን እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ችሎት ያስችላሉ።»

ፎቶ ኮፒው ቆመ። ጫማ ቤት ውስጥ ጫማ የሚለካ ሰው በአንድ እግሩ እንደቆመ ቀረ።

ኑርሑሴን ተነሣ፤ ወንበሩ ላይ ቆመ፤ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ አሮጌ የብየዳ መሣሪያ አወረደና ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። የመሣሪያው ሆድ ላይ ያው አመዳይ የመሰለ ነጠብጣብ ደርቋል።

«እናቴ ጀሊላ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ይህችን ሱቅ የከፈትሁ ዕለት ከሐጅ የመጣ ዘምዘም በኮዳ ይዛ መጣች» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ለሥራህ በረካ ይሁን ብላ ሁሉንም ረጨችው። ይህ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነበር።»

«ምን አሏት ታዲያ?»

«ምን እላታለሁ? መብራት ሄደ አልኋት።» መሣሪያውን ወደ ቦታው መለሰ። «እስክትሞት ድረስ የዚህን ሰፈር መብራት ስትወቅስ ኖረች። በይ፣ ያንን አልኮል አቀብይኝ።»

ከዚያ በኋላ ሚስጥር ሌላ ሰው አየች። ያ ሁሉ ቁጣ ወደ ጣቶቹ ወርዶ ጸጥ አለ። ቦርዱን በአልኮልና በለስላሳ ብሩሽ፣ ሽፋሽፍት እንደሚጸዳ አድርጎ አጠበው። በቴስተሩ መስመሩን ነጥብ በነጥብ ተከተለ፤ ድምፅ መስጠት ያለበት ቦታ ድምፅ የማይሰጥበትን አገኘ። ከሞተ ቦርድ ላይ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ አንዲት ዕቃ ነቅሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ በተበላችው ቦታ ተካት። ሚስጥርም ሳታውቀው ትንፋሿን ይዛ ነበር። ጀርባው እንደተከፈተ አበራው። ፋኑ አንዴ ዞር አለ፤ ትንሽ አሰበ፤ ዝም አለ። እንዲያ ዝም ሲል ሚስጥር አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰቅላ እንደኖረች አወቀች።

ክዳኑን ሊመልስ ሲል ነው በሩ የጨለመው።

ወሬው ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ሹም አቦ ሄዶ፣ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴን አስነሥቶ ይዟቸው መጥቷል። ነጠላቸውን እንኳ በወጉ አልለበሱም። ከኋላቸው የጫማ ቤቱ ሰዎች፣ ከሰዎቹ ኋላ ደግሞ መንፊያውን እንደያዘ ገድሉ ቆሟል።

«ኑርሑሴን ማለት አንተ ነህ፣ ልጄ?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«ጠበሉ ነው ያበላሸው ሲሉ ሰማሁ። እኔ ነኝ የረጨሁት። እውነቱን ንገረኝ፤ አንተ አትዋሽም ይላሉ።» የነጠላቸውን ጫፍ ጨበጡ። «ወንድሜ ድምፁን ሳይተው ቢሄድ፣ በእኔ እጅ ነው ማለት ነው?»

ሚስጥር ኑርሑሴንን አየችው። መንገዱ ሁሉ አየው። ሃያ ዓመት ሙሉ እውነትን በሰው ፊት ላይ ሲወረውር የኖረ ሰው ነው፤ እጁ ላይ ያለው ማስረጃ ደግሞ በማይክሮስኮፕ የታየ ነው። ገድሉ አንገቱን አስግጓል።

ኑርሑሴን እጁን በጨርቅ ጠረገ። ደግሞ ጠረገ።

«አቧራ ነው፣ እናቴ» አለ።

«ምን አልህ?» አለ ገድሉ ከበር።

«አቧራ ነው አልሁ።»

«አልሰማሁህም፤ ከዚህ ሰው ይንጫጫል።»

«አቧራ ነው» አለ ኑርሑሴን፤ ቃሏን አንድ በአንድ፣ ጥርሱ እንደሚነቀል ሰው። «ግትር አቧራ።»

ገድሉ ከዚያ ቀን ወዲህ ያደረገውን ዝርዝር አልነግራችሁም። ባጭሩ፣ በዚያ መንገድ ላይ ያልነገረው ሰው የለም፤ ሳይጠየቅ ለአላፊ አግዳሚው ይናገራል፤ በሱቁ መስተዋት ላይም «አቧራ ነው፤ ዶክተሩም መስክሯል» ብሎ ለጥፏል። ማስታወቂያውን የለጠፈው ደግሞ ኑርሑሴን ወደ መስጊድ ሲሄድ በሚያይበት በኩል ነው።

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ግን እፎይ ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወዲያው ደግሞ ፊታቸው በራ። «እንዲያውስ» አሉ። «አቧራ ከሆነማ ጠበሉ ምን አደረገው? እንኳንም ይዤ መጣሁ። ዳግመኛ እንዳይነካው» ብለው ከዘንቢላቸው ኮዳቸውን አወጡ። ክዳኑን ከፈቱ። ላፕቶፑ ሆዱ እንደተከፈተ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል።

ሚስጥር ልትጮኽ አፏን ከፈተች። ለባንክ ሥራ አስኪያጅ ከወንበሩ ተነሥቶ የማያውቀው ኑርሑሴን ግን ተነሣ፤ በላፕቶፑና በኮዳው መካከል ገባ።

«እጄን፣ እናቴ» አለ። «እሱን የሠራው እጄ ነው። እጄን ይርጩልኝ።»

ሁለት መዳፎቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ በየቀኑ ዱዓ ሲያደርግ እንደሚዘረጋቸው አድርጎ ዘረጋላቸው። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ሳይሰስቱ አፈሰሱለት፤ መረቁት፤ «አሜን» አለ። አንዲት ጠብታ ወደ ጠረጴዛው ልታመልጥ ስትል በክርኑ መለሳት።

ያን ዕለት ከሰዓት ሚስጥር ማይኩን ሰካች፤ ላፕቶፑን ከፈተች። የኔታ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ጠበቁ።

«ጨረሰ?»

«ጨረሰ፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ተራዬ ነው» ብለው መቋሚያቸውን አነሡ። ጀንበር ልታዘቀዝቅ እስክትል ድረስ አላረፉም። ቅዳሜ ጠዋት ጀልባው ይዟቸው ሄደ፤ ሚስጥር ወደቡ ላይ ቆማ ነጭ ጥምጥማቸው ነጥብ እስኪሆን አየች።

ከሳምንት በኋላ ወደ ግሽ አባይ ሄደች። ኑርሑሴን አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሣ፣ «ደግሞ ምን ሆነ?» አላት።

«ምንም አልሆነም። ይስሙት ብዬ ነው።»

ፍላሹን ሰጠችው። በተጠራጣሪ ዓይን አገላብጦ አየውና ሰካው። የየኔታ ድምፅ ጠባቧን ሱቅ ሞላት። ኑርሑሴን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አስጠግቶ፣ ግንባሩን ቋጥሮ አዳመጠ።

«ፋን የለም» ሲል ፈረደ።

«የለም» አለች፤ ልታቆመው እጇን ሰደደች።

እጇን በእርሳስ መለሰው። «ተይው። ይጨርሱ እንጂ።»

በዚህ መሐል አንድ ጎልማሳ ላፕቶፕ በብብቱ ይዞ ገባ። ማስታወቂያውን አላነበበም። «ዝም ብሎ ነው የተበላ…» ማለት ሲጀምር ኑርሑሴን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ሰውየው በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ጫማ ቤቱ ጠበቀ፤ የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅም የማሽኗን ጩኸት አቆመች። የኔታ አወጡት፣ አወረዱት፣ አፋፉ ላይ አደረሱት፣ ማንም ሳይደውልባቸው በሰላም አሳረፉት።

ኑርሑሴን ፍላሹን ነቅሎ በሁለት እጁ ለሚስጥር መለሰላት። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረ።

«ዝም ብሎ?» አለ።

ሚስጥር የቀረውን ስድብ ልትሰማ ወንበር ስባ ተቀመጠች።